ማዳም የደረደሯቸው አራት ወንበሮች

ከግድግዳው ወዲያ ሰው ሲያለቅስ ብትሰሙ ምን ታደርጋላችሁ? እኔ ባደግኩበት በሆሳዕና ይህ ጥያቄ አይጠየቅም። እጅሽ ሊጥ ላይ ከሆነ ከነሊጡ፣ እግርሽ ባዶ ከሆነ በባዶው፣ ያገኘሽውን ጨርቅ ትከሻሽ ላይ ጣል አድርገሽ ትሮጫለሽ። ማን እንደሞተ የምትጠይቂው ግማሹን ካለቀስሽ በኋላ ነው። እዚህ ጆሃንስበርግ ግን ለቅሶ ሲሰማ አንዱ ሬዲዮውን ከፍ ያደርጋል፣ ሌላው ለሴኩሪቲው ይደውላል፣ ሦስተኛው በሩ መቆለፉን ደግሞ ያያል። ክፉ ሆነው አይደለም፤ ከተማው ያስተማራቸው ነው። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ኖሬ ትምህርቱ ገብቶኝ እንደሆነ አላውቅም ነበር። ፈተናው የመጣው በኮሮና ጊዜ ነው። አለፍኩ። ባላለፍኩ ኖሮ ይሻል ነበር።

ትምህርት ካነሳን አይቀር፣ እኔ ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ጆሮዬ ግን አላቋረጠም። ሜይፌር ሰፈር ባለው ፎቃችን ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የማን ማሰሮ እንዳረረ፣ የማን የመኖሪያ ወረቀት ሳይታደስ እንደቀረ የማውቀው እኔ ነኝ። ወሬኛ ይሉኛል። ይበሉ፤ ሁሉም ሰምቶ ዝም ያለውን ነው እኔ የምናገረው። ሎክዳውን ሲታወጅ ባሌ ሎኬሽን በሚሉት የድሆች ሰፈር ባለው ስፓዛ፣ ማለትም ትንሽ የሸቀጥ ሱቁ ውስጥ ማደር ጀመረ፤ ምግብ የሚሸጥ እንዲከፍት ተፈቅዶለት ነበርና። እኔ ከግድግዳዎቼ ጋር ቀረሁ። መንግሥት ሲጋራ ከልክሎ ስለነበር አጫሹ ሁሉ እንደተቸገረ እኔም በወሬ እጦት ተቸገርኩ።

ከጎኔ የሚኖሩት ፈረንሳዊት አሮጊት ደግሞ በሁለቱም የተቸገሩ ነበሩ። ማዳም ሶላንዥ እንላቸዋለን። ጠዋት ጠዋት በረንዳቸው ላይ ቆመው የመጨረሻዋን ሲጋራቸውን ሳይለኩሱ በከንፈራቸው ይዘው መንገዱን ያያሉ። ከእሳቸው ጋር የምናወራው በገበያ እንግሊዝኛዬ ነው። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ እላቸው ነበር።

አንድ ረፋድ ላይ ከቤታቸው ዋይታ ተሰማ። ለቅሶ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ከሥር የሚመጣ ዋይታ ነው። ማሰሮዬን ከእሳት ሳላወርድ ወጣሁና የዘይነባን በር ደበደብኩ። ዘይነባ የስልጤ ልጅ ናት፣ ፎርድስበርግ ልብስ ትነግዳለች። ሻርፗን እያስተካከለች ወጣች። ከላይኛው ፎቅ ሁለት ሴቶች ጠራን፤ አራት ሆንን፣ ማስካችንን አደረግን፣ ገባን። መሰብሰብ ክልክል እንደሆነ እናውቃለን። ሕጉን ያወጣው ሰው ግን ያን ድምፅ አልሰማም።

ማዳም በሩን ሲከፍቱ ፊታቸው በእንባ ርሷል። አልጠየቅንም። ጠረጴዛውን ገፋን፣ አራት ወንበር ከግድግዳው ጥግ ደረደርን፣ ተቀመጥን፣ አለቀስን። አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በዚያው ወር እናቴ ሆሳዕና አርፋ በስልክ ነበር የቀበርኳት። በረራ የለም፣ ቤተ ክርስቲያናችን ዝግ ነው፣ የሚያስተዛዝነኝም በስልክ ነው። እንባዬ ቦታ አጥቶ ከርሞ ነበርና እዚያ ወንበር ላይ ተዘረገፈ። ዘይነባም ለሞተባት ወንድሟ አለቀሰች። ማዳም አንድ ቃል ሳይናገሩ አጠገቤ ቁጭ ብለው፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ይሆናል፣ ጀርባዬን መታ መታ ያደርጉ ነበር።

ስጨርስ አፍንጫዬን ጠርጌ፣ “ማን ነው የሞተው፣ ማዳም?” አልኩ።

“ማንም” አሉ በጣም እያፈሩ። “ልምምድ ላይ ነበርኩ።” መጻሕፍት ላይ ተደግፎ የቆመ ስልካቸውን አሳዩን።

ዘይነባ ናት ቀድማ የሳቀችው። “ወላሂ፣ ያለ ሬሳ ለቅሶ ደረስን” አለች።

ያለ ሬሳስ አልነበረም። እያንዳንዳችን የየራሳችንን ይዘን ነው የገባነው። ማዳም ያንን ስላወቁ ነው ዝም ያሉት። ያን ቀን ለእናቴ ለቅሶ የተቀመጠችልኝ አንዲት ፈረንሳዊት ናት ብል ሆሳዕና ያሉት እህቶቼ አያምኑኝም።

ለካ ማዳም የቲያትርና የፊልም ተዋናይ ናቸው። አርባ ዓመት ሠርተዋል። እንግዲያው ለምን አናውቃቸውም ትሉ ይሆናል፤ እኔም ብያለሁ። ፎቶዎቻቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። እዚህ ሻይ ይዘው ይገባሉ። እዚህ የሕንፃ ዘበኛ ሚስት ናቸው። እዚህ ነርስ፣ እዚህ መነኩሲት፣ እዚህ ፊልሙ ገና ሳይጋመስ የሚሞቱ አክስት። አንዱ ላይ መስኮት ከፍተው ‘ምንድን ነው ይህ ጫጫታ?’ ብለው ይዘጋሉ፤ በቃ፣ ሥራቸው ያ ነው። ወደዚህ አገር የመጡትም በአንድ ፊልም የወጥ ቤት ሠራተኛ ሆነው ሊተውኑ ነበር። ድምፅ የሚቀዳውን ሰው አግብተው ቀሩ፤ እሱም ሞተ። ስማቸው ፖስተር ላይ ወጥቶ አያውቅም። ቀሚሳቸውን ትሰፋላቸው፣ እያንዳንዱን ቲያትር ከፊት ወንበር ሆና ታይላቸው የነበረችው ፈረንሳይ ያለች ታላቅ እህታቸው ናት። እሁድ እሁድ በስልክ ስትስቅ እኔም በግድግዳው እሰማት ነበር።

“አሁን የመጣው ሥራ ግን ሌላ ነው” አሉኝ። “ልጇ መሞቱን የምትሰማ እናት ናት። ካሜራው ሙሉውን ጊዜ ፊቴ ላይ ነው። አርባ ዓመት እንዲህ ያለ ነገር ማንም አልሰጠኝም። ለፈተና ራሴን ቀርጬ ለፊልም ሠሪዎቹ ልልክ ነው።”

ስልኩን የምይዘው እኔ ሆንኩ። ስልክ ብቻ ይዤ ዝም የምል ሴት ብሆን ጥሩ ነበር። ግን ለቅሶን ለእኔ ማን ያስተምረኛል? “ማዳም፣ እንዲህ አይለቀስም” አልኩ። “ጉልበትዎን ይምቱ። ወደፊትና ወደኋላ ይወዛወዙ። የሟቹን ስም ይጥሩ፣ ደግነቱን ይቁጠሩ።” እሺ እያሉ አደረጉ። ቪዲዮው ከተላከ በኋላ እንኳ፣ እንደገና ቢጠይቁኝ ብለው ሲለማመዱ ዋይታው ፎቃችንን ይሞላው ነበር። ሴቶቹን በር በር እየዞርኩ ያረጋጋሁት እኔው ነኝ። “ብትሰሙ አትደንግጡ፣ ሥራቸው ነው።” እዚያው ቤቴ ተቀምጬ ደግሞ ማርክ እሰጣለሁ። ዛሬ ጥሩ ነው። ዛሬ ስሙን ረሱት። ዛሬ አስለቀሱኝ።

አንድ ሰኞ ከሰዓት ድምፃቸው ተሰማኝ። ይሄኛው ቀጭን ነው። ትንሽ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ መሃል ላይ ሳቅ የሚመስል ነገር አለው፣ ደግሞ ይጀምራል። ጉልበት መምታት የለ፣ ስም መጥራት የለ። ዘይነባ ደጄ ድረስ መጣች።

“አማረች፣ ማዳም ደህና ናቸው? ሄደን እንያቸው?”

“ተዪአቸው፣ ልምምድ ነው” አልኳት።

“የዛሬው እኮ ልዩ ነው።”

“ልዩ አይደለም፣ አልተሳካላቸውም” አልኩ።

እንዲህ ብዬ መለስኳት፣ ልትሄድ የተነሳችውን ሴት። ማክሰኞም ተሰማ። ረቡዕም። ቴሌቪዥኔን ከፍ አደረግኩት።

ሐሙስ ጠዋት በረንዳው ላይ ሳጣቸው፣ ስልክ የሚይዝላቸው ፈልገው ይሆናል ብዬ አንኳኳሁ። ፀጉራቸው አልተበጠረም። “ማዳም፣ ከቪዲዮው ሰዎች መልስ መጣ እንዴ?” አልኩ። ቀድሞ ከአፌ የወጣው ይህ ነው።

“እህቴ” አሉ። “ሰኞ።”

አልፌያቸው ወደ ሳሎኑ አየሁ። ጠረጴዛው ተገፍቷል። አራት ወንበር ከግድግዳው ጥግ ተደርድሯል፣ እኛ እንዳደረግነው አድርገው፣ የዘይነባን በመስኮቱ በኩል፣ የእኔን በሩ አጠገብ። ከሰኞ ጀምሮ እንደተደረደረ ነው።

“በርሽ ሲከፈት ስሰማ መጣችሁ ብዬ ነበር” አሉኝ። ቂም የለበትም። ለመንገር ያህል ነው የነገሩኝ።

ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ዘይነባን ጠራኋት፤ የላይኛው ፎቅ ሁለቱ ሴቶችም መጡ፤ ከባሌ ሱቅ በመጣ ሳምፕ፣ በተከካ በቆሎ፣ ንፍሮ ቀቀልኩ። ሁሉንም እንደ ደንቡ አደረግን። ግን እንዴት ልበላችሁ፣ አንድ ሰው ሦስት ቀን ብቻውን ካለቀሰ በኋላ የሚመጣ ለቅሶ ደራሽ እንግዳ ነው። ንፍሮውን ቀምሰው አመሰገኑን። እንባቸውን ግን ጨርሰውት ነበር።

መልሱም ከሳምንታት በኋላ መጣ። የእናቲቱን ሥራ ለሌላ ሰጡት። “ብዙ ይወዛወዛል፣ ትወና ትወና ይላል ብለዋል” አሉኝና ፈገግ አሉ። ያ ሁሉ መወዛወዝ የማን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። እኔ ለይቅርታ አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱ። “ሌላ ሥራ ሰጥተውኛል። ትንሽ ነው። በሩ ላይ ቆማ የእናቲቱን ለቅሶ የምትሰማ ጎረቤት ናት። የምትናገረው የለም። ሰው ከበር ጀርባ ሲያዳምጥ እንዴት ነው የሚቆመው?”

አሳየኋቸው። አንድ እጄን በሩ ላይ፣ ጆሮዬን ዘንበል፣ ትንፋሼን ያዝ አድርጌ። ለዚህኛው አሠልጣኝ አላስፈለገኝም። በዚህ ጊዜ ስልኩን ይዘው የሚቀርጹት እሳቸው ናቸው።

“ለምን አታንኳኳም?” አሉኝ ከስልኩ ጀርባ ሆነው። ለፊልሙ ይሁን ለእኔ፣ አላወቅኩም።

“ጆሮዋ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ማዳም” አልኩ። “እጇ ሰንፏል።”

መቅረጻቸውን ቀጠሉ።

ፊልሙን እስካሁን አላየሁትም። ከዚያ ወዲህ ግን ፎቃችን ውስጥ ለቅሶ ከሰማሁ ሄጄ አንኳኳለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ቴሌቪዥን ነው። በሩን የሚከፍቱልኝም ይስቁብኛል። ይሳቁ።