የጓሮ ቤት መተላለፊያ ከፊት ቤቱ ጋር አብሮ ስለ መሸጡ

ዕለቱ ቅዳሜ፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው፤ ሰዓቱ ከቀኑ 9፡00። ቦታው የልብስ ሰፊዋ የጓሮ ቤት።

የተገኙ የሰፈሩ አስታራቂ ኮሚቴ አባላት፦ ሰብሳቢው ጡረተኛ መምህር፣ አናጢው፣ ፋርማሲስቷ እና ጸሐፊው። ከአምስቱ አራቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። አምስተኛው ያለ ፈቃድ ቀርተዋል፤ ነውሩ በመዝገብ ይቀመጥ።

ባለጉዳዮች፦ ልብስ ሰፊዋና የፊቱን ቤት በቅርቡ የገዙት ሰዓት ሠሪ። ሁለቱም ለኮሚቴው ውሳኔ ሊገዙ አስቀድመው ፈርመዋል፤ ሰዓት ሠሪውም የቆለፉትን የግቢ በር ለስብሰባው ከፍተዋል።

አጀንዳ 1። መተላለፊያው

ልብስ ሰፊዋ፣ ከጓሮ ወደ መንገድ መውጫው በፊት ቤቱ ግቢ የሚያልፈው መተላለፊያ ብቻ መሆኑን፣ ይህም ከሃያ ዓመት በፊት በጽሑፍ ለዚህ ቤት የተሰጠ መሆኑን፣ አዲሱ ገዢ ግን በሩን ስለ ቆለፉባቸው አርባ የተማሪ ዩኒፎርም ቤት ውስጥ መቅረቱን አስረዱ። ወደ ሰዓት ሠሪውም ዞረው፣ «ወንድሜ፣ ጣራውን ከነቀዳዳው ስትገዛ የኔን መንገድ ብቻ ለሻጩ ትተህለት መጣህ?» አሉ።

ሰዓት ሠሪው፣ «እትዬ፣ ውሌን አሥር ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ የእርስዎ እግር የሚል የለበትም» ሲሉ መለሱ።

አናጢው በጓሮው የአጥር ግንብ ላይ መሰላል እንዲቆም፣ መሰላሉንም ራሳቸው እንዲሠሩት ሐሳብ አቀረቡ። ጸሐፊው ይህ ለራስ ጥቅም መሥራት መሆኑን ቢያሳስብ፣ «አንተ ዝም ብለህ ጻፍ!» ተባለ፤ ጽፏል። ፋርማሲስቷ ልብስ ሰፊዋ በሰው ጫንቃ ላይ ሆነው ቢያልፉ መሬቱን እንደ ረገጡ እንደማይቆጠር ገለጹ። ልብስ ሰፊዋ፣ «ተሸካሚዬስ በምኑ ሊሄድ ነው?» ብለው ጠየቁ።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ መተላለፊያውን የፈቀዱት የቀድሞው ባለቤት ስለ ሆኑ መብቱም ከእርሳቸው ጋር እንደ ሄደ፣ መሰላሉ እንዲሠራ፣ እስከዚያውም ማንም ሰው ያለ አዲሱ ገዢ ፈቃድ እንዳያልፍ በሦስት ድምፅ ለአንድ ተወሰነ። የተቃወመው ጸሐፊው ነው።

አጀንዳ 2። መዝጊያ

ስብሰባው 10፡40 ላይ ተዘጋ። አባላቱ ሊወጡ ሲነሡ ሰዓት ሠሪው ከደጃፉ ቆመው፣ «ማንም ሰው ተብሏል» አሉ። ሰብሳቢው፣ «እኛኮ በዚሁ ነው የገባነው!» ቢሉ፣ «ጋሼ፣ ሲገቡ ገና አልተወሰነም ነበር» ተባሉ። መሰላሉ ያለው በአናጢው አሳብ ውስጥ ብቻ ነበር። ልብስ ሰፊዋ አልጋቸው አንድ መሆኑን ለጉባኤው አሳወቁ።

ስለዚህ ስብሰባው 10፡45 ላይ እንደገና ተከፈተ። የመተላለፊያ መብት ለሰው ሳይሆን ለቤቱ የተሰጠ በመሆኑ ባለቤት ቢለወጥም አብሮ እንደሚተላለፍ፣ በዛሬው ዕለት የተወሰነውም ሁሉ ከነመሰላሉ እንዲሻር፣ ያለ አንዳች ውይይት በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ሰዓት ሠሪው አስቀድመው የፈረሙት ወረቀት ሲነበብላቸው ገለል አሉ።

ጉባኤው 10፡47 ላይ ተበተነ። ልብስ ሰፊዋ ከፊት፣ አባላቱ ዩኒፎርሙን ተሸክመው ከኋላ በመተላለፊያው ወጡ። ጸሐፊው ይህን የፈረመው መንገድ ላይ ቆሞ ነው።