ቀለሙን ብቻ

ምራታቸውን አልትራሳውንድ ለማስነሳት የመጡ አማትን ያህል ብልጥ ፍጡር በዓለም ላይ የለም። አሥራ አንድ ዓመት ማሽኑ ላይ ተቀምጬ ያረጋገጥኩት ነው። ከራሴ በላይ «የጽንስ ጾታ መናገር በሕግ ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ክብርት አማት ግን ሁልጊዜ መነጽራቸውን ቤት ረስተው ነው የሚመጡት።

የሁሉም አለቃ እትዬ ክር ናቸው። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ነን። «ጾታ ማን ጠየቀሽ? ሹራብ ልሠራ ነው፤ የክሩን ቀለም ብቻ ንገሪኝ፤ ሮዝ ወይስ ሰማያዊ?» ይላሉ። ዘበኛውን በሹራብ፣ ጽዳቷን በካልሲ ሊገዙ ሞክረዋል። ለእኔ የደረሰኝ ኮፍያ ነው፤ ጠበበኝ።

ጥያቄውን የምጠላው በምክንያት ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት አማት ይህንኑ ጠየቁኝ። አፌን ዘጋሁ፤ ፊቴን መዝጋት ግን ረሳሁ። ምራታቸው ለቀጣዩ ቀጠሮ አልመጣችም። ጽንሷ ሴት ስለነበረች እንዳስወረዷት ኋላ ሰማሁ። ሕግ አውጪዎቹ ወረቀታቸውን ለጥፈው ሄደዋል፤ እኔ ግን ያቺን ልጅ እስካሁን አልረሳኋትም።

ባለፈው ዓመት የእትዬ ክር ምራት ሦስተኛ ልጇን ፀንሳ መጣች። ሁለቱ ሴቶች ናቸው። ስክሪኑ ላይ ሦስተኛዋንም አየሁ። ምርመራው እንዳለቀ፣ የጠጣችው ውሃ አስጨንቋት ወደ መጸዳጃ ቤት ሮጠች። እትዬ ክር በሩን ዘግተው እጄን ያዙኝ።

«እትዬ፣ አይቻልም አልኩ እኮ!»

«ዛሬስ አትንገሪኝ። ልጄ፣ ጽንሷ ሴት ከሆነች ትውረድ ብሏል። ነገ መጥቶ ይጠይቅሻል።»

«እርስዎስ ወንድ አይፈልጉም?»

«አምሮኛል፤ ምን እዋሻለሁ? ግን እኔ ለቤታችን ስድስተኛ ሴት ነኝ። ያኔ ይሄ ማሽን ቢኖር ማን ያተርፈኝ ነበር?»

በማግስቱ ልጃቸው መጣ። እሳቸው ከጎኑ ተቀምጠው በሰማያዊ ክር ሹራብ ይሠራሉ።

«ሕጉ አይፈቅድም» አልኩትና ስክሪኑ ላይ ወንድ ሳይ የሚያመልጠኝን ፈገግታ ሆን ብዬ ለቀቅኩለት። ደስ ብሎት ወጣ።

እትዬ ክር በቀደም ሕፃኗን በሰማያዊ ሹራብ ጠቅልለው ይዘዋት መጡ። ከተወለደች ይኸው ሦስት ሳምንቷ ነው፤ አባቷ አንድ ቀን አላቀፋትም።

«ይልመዳት አይልመዳት የራሱ ጉዳይ ነው» አሉኝ። «እሷ እንደሆን መጥታለች።»

ለእኔም አዲስ ኮፍያ ይዘውልኛል። ይሄኛውም ጠበበኝ። ራሴን ያመኛል፤ አላወልቀውም።