እንቢ ማለት ያቃተው ማሽን

«እሺ ይበልጣል ከሺህ» ብለው ያሳደጉን ሰዎች፣ እሺ ካልን በኋላ ምን እንደሚውጠን አልነገሩንም። ጀርመን «ናይን»፣ አይሆንም፣ ሲል እንደ ደህና ዋልክ ነው። እኛ አንዲት እንቢታ ዘጠኝ ወር አርግዘን የምንገላገለው «እሺ፣ እናያለን» የምትባል ልጅ ነው።

እኔ ፍራንክፈርት፣ ኒደርራድ ሰፈር ካሉት ቢሮዎች ባንዱ ወለል እወለውላለሁ። የእህቴ ልጅ ሄኖክ እዚያው ድራይቨር ይጽፋል፤ ሰው ኮምፒውተር ላይ የመታውን ለማሽን የሚያደርስ ፕሮግራም ነው፣ አስተርጓሚ በሉት። የእሱ ማሽን ኦስትሃፈን ወደብ ባለ መጋዘን ካርቶን የሚያመላልስ ቀበቶ ነው፤ ፍጥነቱም ከአንድ እስከ አሥር። የሙከራ ጊዜው ሊያልቅ ስለሆነ፣ ሼፉ፣ አለቃው ማለት ነው፣ ፈትኖ ካልወደደለት ሥራው አበቃ።

«ጋሼ፣ ያሻዎትን ቁጥር ይምቱ» አለኝ በፈተናው ዋዜማ። ዘጠኝ መቶ መታሁ። ለሙከራ የተተከለው ቀበቶ ጮኸ፤ ካርቶኑ በመስኮት ወጥቶ ሽቫንሃይም ጫካ ሚዳቋ አስበረገገ።

«ኧረ ጋሼ! ማን ዘጠኝ መቶ ይመታል?»

«ያሻዎትን ያልከኝ አንተ!»

ቁጭ ብሎ አስተካከለው። አሁን ዘጠኝ መቶ ቢመቱበት «እሺ» ይልና በሆዱ አሥር ያደርገዋል። ወይ አስተዳደግ!

በማግስቱ ሼፉ ዘጠኝ መቶ መታ። ማሽኑ «እሺ» ብሎ በአሥር ተንከባለለ። መወልወያዬን ጥዬ ላጨበጭብ ስል የሰውዬው ግንባር ተኮሳተረ።

«ለምን ዋሸኝ?»

«አልዋሸም… እርስዎን ላለማስቀየም…» አለ ሄኖክ።

«የተሳሳተ ሰው መሳሳቱን በምን ይወቅ? ናይን ይበለው!»

እውነቱን ነው፣ ምን ይደረግ። ሄኖክ እያላበው «ይቅርታ፣ ቅር አይበልዎትና፣ ለጊዜው ትንሽ ሳያስቸግር አይቀርም» ብሎ ጻፈ። ሼፉ ሰርዞ ሰርዞ «አይሆንም፤ ከአንድ እስከ አሥር ብቻ» የምትለዋን አስቀረ። ደግሞ ዘጠኝ መቶ መታ። ማሽኑ እንቢ አለ፤ ቀበቶው ንቅንቅ አላለም። እንቢ ተብሎ እንዲህ የሚፈነድቅ ሰው እኔ ያየሁት ፍራንክፈርት ብቻ ነው።

«ሥራው ያንተ ነው!» ብሎ የሄኖክን እጅ ጨበጠ። እጁን ሳይለቅም «የሌሎቹን ማሽኖች ድራይቨር በሙሉ እስከ ነገ ታደርስልኛለህ?» አለው።

ለዚህ ለአንዱ ድራይቨር ክረምት ከበጋ ያማጠው የእህቴ ልጅ ጎንበስ አለ።

«እሺ።»

«ጌታዬ፣ እሱን ይተዉት፤ ማሽኑን ይጠይቁት!» ብዬ ልጮህ አልኩና ይሉኝታ ያዘኝ።