በሚስት ስም የወጣ መንጃ ፈቃድ

ጭንቀታም የሌለበት ሰፈር የለም። ካለም ገና ሰው አልገባበትም ማለት ነው። ይህ ሰው መናኸሪያ የሚደርሰው አውቶቡሱ ሳይታጠብ ነው። አንድ ወረቀት ሲጠየቅ አራት ያወጣል፤ ሦስቱ ኮፒ፣ አራተኛው የኮፒው ኮፒ። «ኧረ ምንም አይሆንም!» ያላችሁት እንደሆነ ዐይኑን ጨፈን አድርጎ «ቢሆንስ?» ይላችኋል። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

በመተማ ዮሐንስ ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር ሊቀ ጭንቀት አቶ ሽመክት ናቸው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ተረት ሌላው ሰው ለወሬ ማሳመሪያ ይጠቀምበታል፤ እሳቸው ይኖሩበታል። ቤታቸው ሁለት ኩራዝ፣ ሦስት የእጅ ባትሪ፣ ለባትሪው ደግሞ ድርብ ድርብ ድንጋይ አለ። ከብብታቸው የማትለይ ሰማያዊ የፕላስቲክ ዶሴ አለቻቸው፤ ውስጧ የክትባት ካርድ፣ የቤት ካርታና ስምንት ጉርድ ፎቶግራፍ አሉ። ለምን ስምንት? ቢጠይቁስ!

ይህ ሁሉ አንቱታ ግን ወሬውን ያስረዝመዋልና ከዚህ በኋላ ሚስቱ ውባንች እንደምትጠራው ሽመክት እንበለው። ከሱ ጋር ሃያ ስድስት ዓመት የኖረችው እሷ ናት፤ አቤቱታ ካለም የምታቀርበው እሷ ናት።

ሽመክት ሃያ ሁለት ዓመት ኤንትሬ የጭነት መኪና ከነተሳቢው ነድቷል። ከአብርሃ ጅራና ከአብደራፊ ሰሊጥ ጭኖ፣ መተማ ላይ ወረቀቱን ማኅተም አስመትቶ፣ ሱዳን ገዳሪፍ ያራግፍ ነበር። አንድም ቀን አልገለበጠም፤ አንድም ቀን ማንንም ቀድሞ አላለፈም። ከኋላው ሁልጊዜ ሱዳናዊው ሾፌር፣ ከድንበሩ ማዶ የጋላባቱ ዓሊ ነበር። ሁለቱ ሳይጠባበቁ ወጥተው አያውቁም፤ የአንዱ ጎማ ቢፈነዳ ሌላው አለ። ገዳሪፍ በደረሱ ቁጥር ዓሊ በዐረብ አጠራሩ፣ «ያ ሽመክት፣ ከዚህ እስከ ፖርት ሱዳን እኮ ቀጥ ያለ መንገድ ነው። ባሕሩን ላሳይህ!» ይለዋል። ሽመክትም «ድንበሩ ቢዘጋብኝስ?» ብሎ መኪናውን ያዞራል። ይህ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ተደጋገመ።

ከዚያ ስኳር በሽታ መጣ። ሐኪሙ «ለዐይንህ ስትል አመሻሽ ላይ መንዳት ቀንስ» አለው። ሽመክት በማግስቱ ቁልፉን ለባለንብረቱ አስረከበ። ውባንች «ቀንስ እንጂ ተው አልተባልክም እኮ!» ብላ ጮኸች። «ሰው ብገጭስ?» አላት። ሌላውን «ቢሆንስ?» ሁሉ ስትስቅበት የኖረችው ሴት በዚህኛው አልሳቀችም። ይኸው ስድስት ዓመት ሆነው። ዓሊም ፖርት ሱዳን ልጁ ዘንድ ገባ።

ሥራ የፈታ ሾፌር እጁን የት እንደሚያደርገው አያውቅም። ሽመክት እጁን ወስዶ የዋሴ ኢንተርኔት ቤት አስቀመጠው። ዋሴ አምስት ኮምፒውተር አለው፤ ሁለቱ ይሠራሉ። በአንዱ ላይ የጭነት መኪና የሚነዱበት ጨዋታ ጭኗል፤ ነጋዴ ከሱዳን ያመጣለት የፕላስቲክ መሪ ተሰክቶበታል። ሌላው ሰው ሲጫወት አጥር ጥሶ፣ ድልድይ ዘሎ ይሄዳል። ሽመክት ግን ማንም በሌለበት ጎዳና ላይ ፍሬቻ ያሳያል። መቶ ኪሎ ሜትር ሲሞላ ዳር ይይዝና ከወንበሩ ተነሥቶ ኮምፒውተሩን አንድ ጊዜ ይዞራል። ጎማ ማየቱ ነው። ዋሴ መጀመሪያ ይስቅ ነበር፤ ኋላ ለመዞሪያው እንዲመች ጠረጴዛውን ከግድግዳ አራቀለት።

ወሬው የመጣው ሐሙስ ዕለት ነው። ዓሊ ደወለ።

«ያ ዞል! አንተ ሰው! ያንን ጨዋታ የሠሩት ሰዎች አሁን ብዙ ሰው በአንድ መንገድ ላይ የሚነዳበት አደረጉት። ገና ሙከራ ነው፤ የመረጡትን ብቻ ነው የሚያስገቡ። አሥር ቀን ከፍተው ይዘጉታል፤ መቼ እንደሚመልሱት አላህ ይወቅ። ልጄ እኔን አስገባኝ። አንድ ሰው መጋበዝ ትችላለህ አሉኝ። ማንን ልጋብዝ? የባሕሩ መንገድ አለበት ስልህ!»

ግብዣው አሥራ ሁለት ፊደልና ቁጥር ያለበት ኮድ ነው። አንዴ ብቻ ይሠራል። እስከ ቅዳሜ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ካልገባ ይቃጠላል፤ ሌላ አይሰጥም።

እናንተ ብትሆኑ ያኔውኑ ሮጣችሁ ታስገቡት ነበር። ሽመክት ግን «ገብቶ ሳያልቅ መብራት ቢጠፋስ?» አለ። አራት ኮፒ አስነሣ። አንዱን ዶሴው ውስጥ፣ አንዱን ውባንች የሰሊጥ ጣሳ ውስጥ፣ አንዱን በታሸገ ፖስታ ለዋሴ፣ አራተኛውን ስለ ኮምፒውተር ሰምተውም ለማያውቁት ለሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ሰጠ።

«ምንድን ነው?» አሉት ጸሐፊው።

«አደራ ነው» አላቸው።

ዓርብን የጨዋታውን ደንብ ዋሴን እያስተረጎመ ዋለበት። «አንድ ሰው አንድ ስም። ስሙን ለሌላ ያዋሰ ይባረራል፤ የጋበዘውም አብሮ ይባረራል» የሚለው ላይ ሲደርሱ ደስ አለው። «እሰይ! ሥራ ያውቃሉ። መንጃ ፈቃድ አይዋዋሱትም።»

ቅዳሜ ጠዋት መብራቱ ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ። የዋሴ ጄኔሬተር ደግሞ ካንዴላው ተቃጥሎ አልነሣ አለ። ሽመክት ገንዳ ውኃ ከተማ ሄዶ ካንዴላ ሊገዛ ተነሣ።

«ኧረ መብራቱ ሲመጣ አስገባውና ገላገለን!» አለችው ውባንች።

«መሀል ላይ ቢሄድብኝስ? ሁለት ካንዴላ ገዝቼ በስምንት ሰዓት ከች ነው።»

ስምንት ሰዓት ሆነ። ዘጠኝ ሆነ። ውባንች መጀመሪያ ተናደደች። አሥር ሰዓት ላይ ንዴቱ ሟሸሸና ደጃፍ ወጥታ መንገድ መንገዱን ታይ ጀመር። ስልኩን ብትሞክር ያቺ ቅዝቅዝ ያለች የቴሌ ሴትዮ መስመሩ ዝግ ነው ትላታለች። ሚኒባሱ ተገልብጦስ ቢሆን? መርፌውን ሳይወጋ ስኳሩ ጨምሮበትስ? አሥር ተኩል ላይ ከመናኸሪያ የመጣ ሰው የሰሊጥ መኪና መንገዱ ላይ ተጋድሞ መኪና ሁሉ ወዲያና ወዲህ ቆሟል አላት። ነፍሷ ተመለሰች፤ ኮዱ ግን ትዝ አላት።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መብራት መጣ። ውባንች ጣሳውን ከፍታ ወረቀቱን ከነሰሊጡ ዘግና ወጣች። በዚያ ሐሩር ነጠላዋ እየተጎተተ ሮጠች፤ ከሠርጓ ወዲህ ስትሮጥ የታየችው ያን ቀን ብቻ ነው።

«ዋሴ! አስገባው!»

«እትዬ ውባንች፣ ጋሽ ሽመክት ሳይኖሩ?»

«የቆመ መኪና ውስጥ ተቀምጧል! አስገባው አልኩህ!»

ዋሴ ቀስ ብሎ ከፈተ፤ መስመሩ ራሱ ቀስ ይላል። «የጋሽ ሽመክት ኢሜይል ያስፈልጋል። የይለፍ ቃሉን ያውቁታል?»

«የት አውቄው! ሌባ ቢሰማስ ብሎ ለኔም አልነገረኝ።»

«አዲስ ለመክፈት ሰዓቱ አይበቃም፤ በሌላ ሰው ኢሜይል ይሆናል። ግን ስሙ የዚያ ሰው ይሆናል።»

የውባንች ኢሜይል የተከፈተው የዛሬ አራት ዓመት ለዲቪ ነው። የከፈተላት ሽመክት ነው። የይለፍ ቃሏንም ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጥቷታል፤ ብትረሺውስ ብሎ። እሷም ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራዋለች። ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታች። ሰዓቱ ከአሥራ አንድ ተኩል አለፈ። ገጹ ግማሽ ድረስ ይመጣና ይቆማል፤ እንደገና ይጀምራል።

«ፍጠን እንጂ ልጄ! መብራቱ ቢጠፋስ?» አለች። አለችና ደነገጠች። ሃያ ስድስት ዓመት ስትሸሸው የኖረችው ቃል ከገዛ አፏ ወጣ።

ለአሥራ ሁለት ሰዓት ስምንት ጉዳይ ሲል ዋሴ «ገባ!» ብሎ ጮኸ። ኮምፒውተሩም ወይዘሮ ውባንችን እንኳን ደህና መጡ አላቸው። አሥራ ሁለት ከአምስት ላይ መብራቱ ጠፋ።

ሽመክት የደረሰው ለዐይን ያዝ ሲያደርግ ነው። አቧራ ለብሷል፤ በሁለት እጁ ሁለት ካንዴላ ጨብጧል። የቤቱ ደጃፍ ላይ ቁጭ አለ።

«ተቃጠለ አይደል? የፈሩት ይደርሳል።»

«አልተቃጠለም። ገብቷል።» ወረቀቱን ዘረጋችለት። «በኔ ስም።»

ይጮሃል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ካንዴላዎቹን ዶሴው ላይ ጎን ለጎን አስተኛቸው። «እሰይ፣ ዓሊ ብቻውን አይሄድም። እንግዲህ አንች ትነጃለሽ።»

«እኔ? አህያ እንኳ ነድቼ አላውቅ! አንተ ንዳው፤ ማን ያይሃል?»

«በሰው መንጃ ፈቃድ መሪ አልይዝም። ቢደርሱብንስ? ዓሊንም ያባርሩታል። ለኔ ብሎ ጋብዞ።»

«ጨዋታ ነው እኮ፣ አንተ ሰው!»

«ለዓሊ ጨዋታ አይደለም» አለ። ውባንች ለማን ጨዋታ እንዳልሆነ ገብቷታል።

እሑድ ስምንት ሰዓት ላይ ሁለት ወንበር ጎን ለጎን ቀረበ። ጄኔሬተሩ በአዲሱ ካንዴላ ይንደቀደቃል፤ ሁለተኛው ካንዴላ ሽመክት ኪስ ውስጥ አለ። ውባንች መሪውን ያዘች። ገና ከመነሻው የመጋዘን ግድግዳ ገጨች፤ ቀጥላ አጥር ይዛ ሄደች።

«ያ ሽመክት!» የዓሊ ድምፅ ከድምፅ ማጉያው ወጣ። «ሰክረሃል እንዴ? ማን ነው የሚነዳው?»

«ውባንች ናት። ስሙ የሷ ነው።»

«ማሻአላህ! እሷ ባትሆን እስካሁን ጎማ እያየህ ነበር!»

ዓሊ በየኩርባው ዳር ይዞ፣ መብራቱን እያብለጨለጨ ጠበቃት። ሽመክት ረዳት ሆነ፤ ረዳት ሆኖ የማያውቅ ሰው ደግሞ ክፉ ረዳት ነው። «ቀስ! ማርሽ ቀንሺ! መስታወት እዪ!» መስመሩ ደከም ሲል የዓሊ መኪና ከዐይናቸው ይጠፋል። ያኔ ሁለቱም ትንፋሻቸውን ይውጣሉ፤ ተመልሶ ሲታይ ይተነፍሳሉ።

አንድ ሰዓት ያህል እንደሄዱ ውባንች በዐይኗ ጠርዝ አየችው። ቀኝ እግሩ የዋሴን ሲሚንቶ ወለል እንደ ፍሬን ይረግጣል። ጉልበቱ ላይ ያረፉት እጆቹ ግማሽ ተጨብጠው፣ በየኩርባው አብረዋት ይዞራሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ እቤት ሥራ ፈተው ያየቻቸው እጆች ናቸው።

ከተራራው ጫፍ ላይ ወጡ። ከታች፣ ከቁልቁለቱ ማዶ፣ ሰማያዊ ነገር ተዘረጋ።

«ያ ሽመክት» አለ ዓሊ፤ «ባሕሩ ይኸውልህ።»

ሽመክት ወደ ኮምፒውተሩ ተጠጋ። ቁልቁለቱ ግን ጀምሯል፤ ከታች ሌሎች መኪኖች ሽቅብ ይመጣሉ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ የሆነ አገር ሰው አለ። ውባንች ሁለት እጇን ከመሪው አነሣችና ነጠላዋን አጣፋች።

«ውባንች! መሪውን!»

«ደከመኝ።»

«ሰው ትገጫለሽ!»

«ደከመኝ አልኩህ እኮ።»

መኪናው ወደ ግራ ማዘንበል ጀመረ። ዋሴ በድንገት ጣሪያው ላይ የሚታይ ነገር አገኘ። ሽመክት «በስመ አብ!» አለና መሪውን ያዘ። ማርሽ ቀነሰ፤ ዳር ያዘ፤ የሚመጣውን መኪና በሰላም አሳለፈ። ከዚያ ቀጥ ባለው፣ ማንም በሌለበት መንገድ ላይ ወደ መስመሩ ሲመለስ ፍሬቻ አሳየ።

ፍሬቻዋን ዓሊ ከፊት በመስታወቱ ሳያያት አልቀረም። ከዚያ ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ «አሃ... መጣህ» አለ።

ባሕሩ እየቀረበ፣ ቁልቁለቱም እየበረታ መጣ። ውባንች ወንበሩን በሁለት እጇ ጨብጣለች።

«ሽሜ፣ ኧረ ቀስ በል፤ ፍሬኑ ባይዝስ?»

ሽመክት ዐይኑን ከመንገዱ አልነቀለም።

«ምንም አይሆንም» አላት።