የፎቶ መጽሐፌና ሁለቱ አንባቢዎቹ

ሰው ስለ አንድ መጽሐፍ ጥቅም ሲጠየቅ የሚመልሰው ስለ መጽሐፉ ነው ወይስ ስለ ራሱ? ይህ ጥያቄ የያዘኝ ስለ ዲጂታል ፎቶግራፍ የሚያስተምር መጽሐፌን ለሁለት የኮልፌ ጎረቤቶቼ ካዋስኩ ወዲህ ነው።

ጨርቅ ነጋዴዋ ዘይነባ መጽሐፉን በሦስተኛው ቀን መለሰችልኝ። «ብዙም አይጠቅምም፤ ካሜራ ላላቸው ነው» አለችኝ። ጡረተኛው መምህር ጋሽ ሙሉጌታ ግን እያሰመሩ ከዳር እስከ ዳር አነበቡትና «እጅግ ጠቃሚ ነው» አሉ። ምን ያህል እንደጠቀማቸው የምታውቁት መጽሐፉን እስካሁን ስላልመለሱልኝ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ የዘይነባ አባት ሐጂ ኑሩ፣ ዕድሜ ልካቸውን ፎቶ መነሳት እምቢ ያሉት ሰውዬ፣ ለመነሳት ፈቀዱ። ክፉኛ ታመው ገና መዳናቸው ስለነበር ልጆቻቸው ቸኩለዋል። እኔም ባለሁበት ጋሽ ሙሉጌታ ካሜራቸውንና መጽሐፌን ይዘው መጡ። ወንበሩን ሦስት ጊዜ አዛወሩ፣ ብርሃን ለኩ፣ መጽሐፉን ገለጡ፣ እንደገና ለኩ።

«መምህር፣ አሁንም አልጨረሱም?» አሉ ሐጂ፣ ደክሟቸው እየተነሱ።

ዘይነባ ክንዳቸውን ደግፋ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጠቻቸው። በጆሯቸው የሆነ ነገር ነገረቻቸውና ሲስቁ በስልኳ አነሳቻቸው።

«መስኮቱን እንዴት አሰብሽው?» አልኳት።

«ከመጽሐፍህ ነው» አለች። «ያነበብኩት ስለ መስኮት ብርሃን የሚለውን ገጽ ብቻ ነው።»

ሐጂ ስልኩን ተቀብለው ምስላቸውን አተኩረው አዩት።

«ይሄን ያህል አርጅቻለሁ?» አሉ። ስልኩን መለሱላትና ኮፍያቸውን አስተካከሉ።

«እስቲ አንድ ድገሚ።»