ቅጽበት በርገር በመንዝ

ልማት አፍ ውስጥ ካልገባ ልማት አይባልምና፣ «ቅጽበት በርገር» የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት አንዲት ብርዳም የመንዝ ከተማ ውስጥ ቅርንጫፍ ሲከፍት ደስ ያላለው ባለሥልጣን አልነበረም። ሪባን ተቆረጠ፤ ተጨበጨበ። በሩ ላይ «ሳይቀመጡ በልተው ይሂዱ» የሚል መፈክር ተሰቀለ። ዕለቱ የሁዳዴ የመጀመሪያው ሰኞ ነበር።

ነገር የማይገባው ሰው ይህን ስሕተት ይለው ይሆናል። ስሕተት ሳይሆን ጥናት ነው። የድርጅቱ የገበያ ኃላፊ አቶ አፈወርቅ አገሩን በአካል ተገኝተው አጥንተዋል፤ የተገኙትም በፋሲካ ሰሞን ነው። ረቡዕና ዓርብ ሳይቀር በግ ሲታረድ በዓይናቸው አይተው፣ «ሕዝቡ ሳምንቱን ሙሉ ሥጋ ይበላል» ብለው ጻፉ። እሳቸው ራሳቸው ጿሚ ናቸው፤ ነገር ግን ባለሙያ የግል እምነቱን ከጥናት ጋር አይቀላቅልም።

የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ምስክር ግን እንቅልፍ አጣ። «እስከ ደብረ ዘይት በዓል ድረስ ገበያ ካልመጣ ትሰናበታለህ» ተብሏል። ዲግሪውን ይዞ ስንት ዘመን ቤት ከተቀመጠ በኋላ ያገኘው ሥራ ነው፤ ያሳዝናል። አንድ ቀን አቶ ወዳጆ የሚባሉ ሽማግሌ በርኖሳቸውን ደርበው ገቡና ግድግዳው ላይ የተሣለውን በርገር አዩ።

«ይኼ ለስንት ሰው ነው?»

«ለአንድ ሰው ነው አባባ።»

«ብቻውን? ዘመድ የለውም እንዴ?»

«ቆሞ ነው የሚበላው፤ በፍጥነት።»

«ምነው፣ ማን አባረረው?»

ምስክር ይህን ከሰማ በኋላ በስብሰባ ቋንቋ «ከነባራዊው ሁኔታ ጋር ማጣጣም» የሚባለውን ጀመረ። ሥጋው ወጣ፣ ሽሮ ገባ። ዳቦው ወጣ፣ እንጀራ ገባ። አግዳሚ ወንበር ተደረደረ፣ እጅ ማስታጠቢያ መጣ፣ በትሪ ዙሪያ አምስት ስድስት ሆኖ መብላት ተፈቀደ። ሽሮውን ከመንገዱ ማዶ ምግብ ቤት ያላቸው እማማ ዘነበች እየሠሩ በጓሮ በር ይልኩ ነበር። ከበርገሩ የቀረው ስሙ ብቻ ሲሆን ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ።

አቶ አፈወርቅ ለግምገማ መጥተው ይህን ሲያዩ በደስታ ዕንባ አቀረሩ።

«ምርጥ ተሞክሮ! ጥናቴ ሠራ ማለት ነው። ግን ያቺ ማዶ ያለችው ሴትዮ ሽሮአችንን ኮርጃለች። ከእሷ ጋር ማንኛውም ግንኙነት ይቋረጥ!»

«አቶ አፈወርቅ፣ እሳቸው እኮ...»

«‹እኮ› ማለት የአመለካከት ችግር ነው! ሥራህን ትፈልጋለህ?»

«እፈልጋለሁ።»

ተቋረጠ። በማግስቱ ደንበኛው ገብቶ፣ ባዶውን ትሪ አይቶ፣ አቶ ወዳጆን ተከትሎ ወደ ማዶ ተሻገረ። አቶ አፈወርቅ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ብቻቸውን ምሳ አዘዙ። ምስክርም ማቀዝቀዣው ውስጥ የቀረውን በርገር አሙቆ አቀረበ።

«በሁዳዴ? ሥጋ? አብደሃል?»

«ጥናቱ ሳምንቱን ሙሉ ይላል።»

«ጥናቱን ተወውና ሽሮ አምጣ!»

«ግንኙነቱ ተቋርጧል።»

ሆድ ደግሞ ግምገማ አያውቅም። አቶ አፈወርቅ መንገዱን ሊሮጡ ምንም ሳይቀራቸው ተሻገሩ። እማማ ዘነበች ቂም ሳይዙ እጃቸውን አስታጠቧቸው፤ አቶ ወዳጆ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላቸው። ኃላፊው ትሪው ላይ አጎንብሰው፣ አፋቸው እንደሞላ፣ በሩ ላይ ለቆመው ምስክር በእጃቸው ምልክት ሰጡ።

«ግንኙነቱ... ይቀጥል...» አሉና ትን አላቸው።

አቶ ወዳጆ ጀርባቸውን መታ መታ አደረጓቸው።

«ቀስ ብለህ ዋጥ ልጄ፤ ማንም አላባረረህም።»