ሰማያዊውን ፈረስ ለማየት የተደረገ ዘመቻ

ወኮነ በሣልስ ዓመት፣ አዲሱ የስፌት መኪና ከገባ ወዲህ፣ በዘመነ ዚፕ፣ ቁልፍ መትከል በተናቀበት ወራት፣ ሜትር እንደ ድሪ በአንገቷ የምታጠልቀው ልብስ ሰፊ፣ ንግሥተ ቀጠሮ፣ መዋዒተ ሰልፍ፣ ወደ ጥንታዊቱ ከተማ ዘመተች።

የዘመቻው ምክንያት እናቷ ነበሩ። ዓይናቸውን ሞራ መጋረድ ጀምሮ፣ ሐኪሙም ቀዶ ሕክምናው ይሥመር አይሥመር አላውቅም ስላላቸው፣ ብርሃናቸው ሳይከደን በአሮጌው ቤተ መንግሥት ጣሪያ ላይ የተሣለውን ሰማያዊ ፈረስ ማየት ተመኙ። ፈረሱን የሚያውቁት ከግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ነው፤ አታሚው ግን ከወገቡ ቆርጦ የወራቱን ሰንጠረዥ ስለተከለበት፣ ኋላው ምን ይመስል ይሆን እያሉ ዕድሜ ልካቸውን ሲቆጫቸው ኖሯል።

ልብስ ሰፊዋም ሳትለካ የማትቆርጥ ነበረችና፣ ያቺ ከተማ ጎብኚ እንደ ጉንዳን የሚርመሰመስባት መሆኗን አስቀድማ ሰልላ፣ ትኬቱን ከወራት በፊት በስልኳ ያዘች፤ ማደሪያውን ከበሩ አቅራቢያ ተከራየች፤ የእናቷንም አዲስ ጫማ እንዳይነክሳቸው እግሯ እያበጠ ራሷ እየተጫማች አለሰለሰችው። ትኬቱ ግን ጨካኝ ሕግ ነበረው፤ መግቢያው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሆኖ፣ ከቡድኑ አንድ ሰው ከጎደለ ማንም አይገባም።

ሠራዊቷም ይህ ነው፦ ቁርስ ሳይበላ ከቦታው የማይነቃነቀው ታክሲ ነጂ ወንድሟ፣ በቅጽል ስሙ እንደርሳለን፤ ለአንድ አዳር ሦስት ሻንጣ የምታሰናዳው ነርስ ሚስቱ፤ በየግድግዳው ሥር ፎቶ ካላነሳሁ የሚለው የልብስ ሰፊዋ ባል፣ መምህሩ። ልብስ ሰፊዋ አርፋጅነታቸውን ስለምታውቅ ሁልጊዜ አንድ ሰዓት ቀንሳ ትነግራቸው ነበር፤ እነርሱም ነቅተውባት አንድ ሰዓት ይጨምሩ ነበር፤ እርሷም መንቃታቸውን ነቅታ፣ አሁን ሁለት ሰዓት ቀንሳ፣ በዋዜማው ይህን አዋጅ አስነገረች፦ «ስሙ! ነገ በሁለት ሰዓት በሩ ላይ ያልተገኘ፣ ዘመድሽ ነኝ እንዳይለኝ!»

በማግስቱ ሠራዊቱ ገና ሲያንኮራፋ፣ ልብስ ሰፊዋ ውኃ ልትገዛ ወርዳ ብትመለስ፣ የእናቷ አልጋ ባዶ ነበር፤ አዲሱ ጫማም የለም። ክው አለች። ዓይናቸው የደከመ እናት፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ብቻቸውን! ሠራዊቱ በየስርቻው ተበተነ፤ ወንድሟ ቁርሱን ረሳ፣ ነርሷ ሻንጣዎቿን እንደተከፈቱ ጣለች፣ መምህሩም አንድ ፎቶ እንኳ አላነሳም። እናቲቱ ግን አልተገኙም፤ አራት ሰዓትም ሊሞላ ነው።

ያን ጊዜ ልብስ ሰፊዋ በአንዲት ጠባብ መንገድ ላይ ቆማ አንድ ነገር መጣላት፤ ከቤተሰቡ ሁሉ የእርሷን ቃል ሳይጨምርና ሳይቀንስ የሚያምን አንድ ሰው ብቻ ነበር። በስልክ ሁሉንም ወደ በሩ ጠርታ፣ ራሷም ነጠላ ጫማዋን በእጇ ይዛ ሮጠች።

እናቲቱ ከሰልፉ ሁሉ ፊት፣ በዘበኛው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ከማለዳ ጀምሮ ለዘበኛውም ለሰልፈኛውም ሲያውጁ ቆይተዋል፦ «ልጄ ሁለት ሰዓት ብላኛለች፤ ልጄ ደግሞ ውሸት አታውቅም። የተሳሳተው የእናንተ ሰዓት ነው!» ዘበኛውም ክርክሩ ሰልችቶት ወንበሩን አስረክቦ ቆሟል።

ልብስ ሰፊዋ ይህን በሰማች ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ሰዓቱ ግን ደርሶ፣ ቡድኑም ሞልቶ፣ ትኬት አልቋል ተብሎ የሚመለሰው ሕዝብ በቅናት እያያቸው ገቡ።

እናቲቱም ዓይናቸውን አጥብበው ቀና አሉ። ፈረሱ ኋላ ነበረው! ከጭራውም አንድ ያረፈደ ሎሌ ተንጠልጥሎ፣ አንድ ጫማው ወልቆ ይጎተታል፤ መልኩ ቁርጥ ታክሲ ነጂውን። እናቲቱ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ሳቃቸው ሲበርድም የልጃቸውን እጅ ይዘው የመጨረሻውን አዋጅ አወጁ፦ «ለእነዚህ እንደለመድሽው ዋሺ። ለእኔ ግን እውነቱን ንገሪኝ፤ እኔ እንደሆንኩ አምንሻለሁ።»

ትኬትን ከወራት አስቀድማ የገዛች፣ አርፋጆችን በሰዓታቸው ያስገባች፣ ሁሉን አስባ የእናቷን እምነት ብቻ ያላሰበች፣ በሰማያዊው ፈረስ ሥር ቆማ እንደ ሕፃን ያለቀሰች ንግሥተ ቀጠሮ፣ ሰልፍ ባለበት ሁሉ ስሟ ይጠራ!